ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ ልውጠ ሕያዋን ሕግ የቀረበ ትምህርት

የሰው ልጅ ዘርን ከአገር ወደ አገር ሲያዘዋውር የኖረው ከጥንት ጀምሮ ነው። ዛሬ ያለ እርሱ ወጥ የማይታሰበው በርበሬ መነሻው አሜሪካ ነው፤ በቆሎም እንደዚሁ። ድንችን በ1850 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ ነው። እነዚህ እንግዶች ከአገሩ አፈርና ከሕዝቡ ማዕድ ጋር ተስማምተው ቤተኛ ሆነዋል።

ነገር ግን እንግዳ ሁሉ እንደዚህ አይደለም። ከደቡብ አሜሪካ የተነሣው እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም በጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አበባው ወይን ጠጅ የሚመስል፥ ለዐይን የሚያምር ነው፤ ሥራው ግን እንደ መልኩ አይደለም። ሙቀትና ምግብ በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። በሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ የታንኳውን መንገድ ዘጋ፥ የዓሣ አጥማጁን መረብ አወከ፥ የከብቱን ግጦሽና የሩዙን ማሳ ወረረ። ገበሬዎች እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ቆመው በእጃቸው ነቀሉት፤ ማጨጃ መኪናም ተገዝቶ ተሠማራ፤ ፈጽሞ ማጥፋት ግን አልተቻለም።

እምቦጭ በቤተ ሙከራ የተሠራ ፍጡር እንዳልሆነ አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል። ወደዚህ ትምህርት ያመጣነው አንድ ታላቅ ነገር ስለሚያስረዳ ነው። ይኸውም በሸቀጥና በሕያው ነገር መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንድ ቆርቆሮ ከጀልባ ወድቆ ወደ ጣና ቢሰጥም በዓመቱ ሁለት ቆርቆሮ ሆኖ አይገኝም። ሕያው ነገር ግን ይራባል፥ ይስፋፋል፥ ከዘመዱ ጋር ይዳቀላል፤ የጉምሩክ ኬላና የወረዳ ወሰን አያግደውም። ከገባ በኋላ ተመለስ ቢሉት አይሰማም። ስለዚህ ስለ ሕያው ነገር የሚጠየቀው ጥያቄ ሁሉ መጠየቅ ያለበት ከመግባቱ በፊት ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ይስማማል። ከዚህ ቀጥሎ የምናየው ዓለም አቀፍ ሕግም የተመሠረተው በዚሁ አሳብ ላይ ነው፤ ሕጉ እንዲወለድ ካደረጉትም ሰዎች መካከል ዋናው አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ነበሩ።

1. ልውጠ ሕያው ማለት ምን ማለት ነው?

የማናቸውም ሕያው ፍጥረት አካል ሕዋስ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። በሕዋሱ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል ረጅም ክር የመሰለ ነገር ይገኛል፤ ፍጡሩ ምን መልክና ምን ጠባይ እንደሚኖረው የሚወስነው መመሪያ የተጻፈው በዚህ ክር ላይ ነው። ከመመሪያዎቹ አንዱ አንዱ ዘረመል ወይም ጂን ይባላል። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው የአገራችን ምሳሌ የዚህን ኃይል ከሳይንስ በፊት የተረዳ ይመስላል።

ገበሬ ከማሽላው መካከል ዛላው የከበደውን፥ ወፍ ያልደፈረውን መርጦ ለዘር ሲያስቀምጥ፥ ሳያውቀው ዘረመል መምረጡ ነው። ደግሞም አንዱን የስንዴ ዓይነት ከሌላው የስንዴ ዓይነት ጋር ማዳቀል የቆየ ጥበብ ነው። ይህ ሁሉ ግን የሚሆነው በዘመዳሞች መካከል ብቻ ነው። ፈረስና አህያ ተዳቅለው በቅሎ ይወለዳል፤ በቅሎዋ ግን መካን ናት። ጥጥንና ባክቴሪያን ለማዳቀልማ ማንም ገበሬ አልሞከረም፤ ቢሞክርም አይሆንለትም።

ይህን አጥር ያፈረሰው አዲስ ጥበብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በዚያ ዓመት ስታንሊ ኮኸንና ኸርበርት ቦየር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት ከአንድ ፍጡር ዲኤንኤ ቆርጠው በባክቴሪያ ውስጥ አስገብተው እንዲሠራ አደረጉ። በዚህ መንገድ በዘመናዊ ጥበብ ዘረመሉ የተለወጠ ሕያው ፍጥረት በሕጋችን ቋንቋ ልውጠ ሕያው ይባላል፤ ብዙ ሲሆን ልውጠ ሕያዋን ይባላል።

ጥቅሙ ብዙ ነው። የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች የሚወጉት ኢንሱሊን ቀድሞ ከታረደ ከብትና ከአሳማ ቆሽት ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ግን የሰውን ዘረመል በተቀበለ ባክቴሪያ እየተሠራ ለሕሙማን ይቀርባል። በእርሻም በኩል በአፈር ውስጥ የሚኖር ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ይህ ባክቴሪያ አንዳንድ ትሎችን የሚገድል ፕሮቲን ያዘጋጃል። ሊቃውንት የዚህን ፕሮቲን ዘረመል ወደ ጥጥ አዛወሩና ጥጡ ጓይ ትልን በራሱ እንዲከላከል አደረጉት። ይህም በባክቴሪያው ስም አጠራር ቢቲ ጥጥ ተባለ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ስለ አዲሱ ጥበብ ጥንቃቄ ይደረግ ብለው በቅድሚያ የጠየቁት ጥበቡን የማያውቁ ሰዎች ሳይሆኑ ራሳቸው ሊቃውንቱ ናቸው። አንዳንዱን ሙከራ በፈቃዳቸው ካቆሙ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1975 በካሊፎርኒያ አሲሎማር በተባለው ሥፍራ ተሰብስበው የትኛው ሙከራ በምን ዓይነት ቤተ ሙከራ ውስጥ መደረግ እንዳለበት ደንብ አወጡ። እንግዲህ ጥንቃቄ የዕውቀት ጠላት ሳይሆን የዕውቀት ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

2. ስጋቱ ከየት ይመጣል?

የስጋቱን ምንጭ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ኑግንና ጤፍን ማስተያየት ይበቃል።

ጤፍ አበባው በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳብር ተክል ነው። ስለዚህ የአንዱ ማሳ ጤፍ ከጎረቤቱ ማሳ ጤፍ ጋር የሚዳቀለው በጥቂቱ ነው። ኑግ ግን ራሱን በራሱ ለማዳበር አይችልም፤ ፍሬ እንዲይዝ የሌላ ኑግ የአበባ ብናኝ ያስፈልገዋል፤ ይህንንም የሚያመላልሱለት ንቦችና ሌሎች ነፍሳት ናቸው። በተጨማሪም ኑግ በየማሳው ዳርና በየእህሉ መካከል የሚበቅል መጭ የሚባል ዘመድ አለው። መጭ ከኑግ ጋር ሊዳቀል ይችላል።

እንግዲህ አንድ ሰው አረም ገዳይ መድኃኒት የማይጎዳው ልውጥ ኑግ አምጥቶ ቢዘራ ምን ይሆናል ብለን እንጠይቅ። እንዲህ ያለ ኑግ በአገራችን የለም፤ ለትምህርት ያህል ብቻ የቀረበ ምሳሌ ነው። ንቧ ከልውጡ ኑግ ወደ ጎረቤቱ ኑግ፥ ከዚያም ወደ መጩ ትበራለች። ከጥቂት ዓመት በኋላ መድኃኒቱ የማይገድለው መጭ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ጉዳቱ የሚደርሰው ዘሩን በገዛው ገበሬ ላይ ብቻ ሳይሆን ዘሩን አይቶት በማያውቀው ጎረቤቱም ላይ ነው። ይኸው ለውጥ በጤፍ ላይ ቢደረግ ግን የብናኙ ጉዞ አጭር ስለሆነ ስጋቱ ያነሰ ይሆናል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፥ «ልውጠ ሕያው ሁሉ መርዝ ነው» ማለትም ሆነ «ልውጠ ሕያው ሁሉ ደኅና ነው» ማለት ስሕተት ነው፤ ሚዛኑ በየተክሉ፥ በየጠባዩና በየአገሩ ይለያያል። ሁለተኛ፥ አንድ ተክል በሌላ አገር ጉዳት አላመጣም ማለት በኢትዮጵያም አያመጣም ማለት አይደለም፤ የኑግ ዘመድ መጭ ያለው እዚህ ነውና።

አገራችን በዚህ ረገድ ከሌሎች ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባት በሀብቷ ምክንያት ነው። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው ሩስያዊ የዕፀዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ጎብኝቶ፥ በዓለም ላይ የእህል ዘሮች መነሻና መበራከቻ ከሆኑት ጥቂት ሥፍራዎች አንዷ መሆኗን አስታወቀ። ጤፍ፥ ኑግ፥ እንሰትና ቡና የዚህ ምስክሮች ናቸው። በካሊፎርኒያ የገብስ እርሻ ቢጫ አቀጭጭ በተባለ የቫይረስ በሽታ በተጎዳ ጊዜ መከላከያው ዘረመል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ጣና ራሱ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ከደርዘን በላይ የባርበስ ዓሣ ዓይነቶች መኖሪያ ነው፤ ዩኔስኮም በ2007 ዓ.ም. ሐይቁንና አካባቢውን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ብዙ ያለው ሰው ቤቱን መዝጋት እንደሚገባው፥ ብዙ ዘር ያላት አገርም እንደዚሁ ናት።

3. ሕጉ እንዴት ተወለደ?

በ1984 ዓ.ም. በብራዚል ከተማ በሪዮ ዴ ጃኔሮ የዓለም መንግሥታት ተሰብስበው የብዝኀ ሕይወት ስምምነት የሚባለውን ውል አቀረቡ። ውሉ በልውጠ ሕያዋን ጉዳይ ራሱን የቻለ ተጨማሪ ውል ያስፈልግ እንደሆነ እንዲመከርበት አዘዘ። በዚህ መሠረት ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ ረጅም ድርድር ተደረገ።

በድርድሩ የተሰለፉት ወገኖች ብዙ ነበሩ። በአንድ በኩል ልውጥ እህል በብዛት የሚሸጡት ወይም ለመሸጥ የሚያስቡት ስድስት አገሮች፥ ማለት አሜሪካ፥ ካናዳ፥ አውስትራሊያ፥ አርጀንቲና፥ ቺሊና ኡራጓይ የማያሚ ቡድን ተብለው ቆሙ። እነዚህ ሕጉ ንግድን እንዳያሰናክል፥ በተለይም ለምግብና ለመኖ የሚጫነውን እህል እንዳይነካ ፈለጉ። በሌላ በኩል አብዛኞቹ ታዳጊ አገሮች አንድ አሳብ ያላቸው አገሮች ቡድን ተብለው ተሰበሰቡ። የአውሮፓ ኅብረትና ሌሎች ቡድኖችም የየራሳቸውን አቋም ያዙ።

የታዳጊዎቹ አገሮች ቃል አቀባይ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። እሳቸው በ1932 ዓ.ም. በትግራይ ተወልደው፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ በብሪታንያ በዌልስ ዩኒቨርሲቲ በዕፀዋት ሳይንስ የዶክትሬት ማዕርግ አግኝተዋል። ከዚያም በአዲስ አበባ አስተምረዋል፥ የአስመራ ዩኒቨርሲቲን በፕሬዝደንትነት መርተዋል፥ የኢትዮጵያን ዕፀዋት ዘርዝሮ ለመመዝገብ የተጀመረውን ታላቅ ሥራ አቋቁመዋል፤ በድርድሩ ጊዜም የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ዋና ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። የክርክራቸው ጭብጥ ባጭሩ እንዲህ ነበር፤ አንድ አገር ምን ዓይነት ሕያው ነገር ወደ ምድሩ እንደሚገባ አስቀድሞ የማወቅና እሺ ወይም እምቢ የማለት መብት አለው፤ ለምግብ ተብሎ የሚመጣውም እህል ከሕጉ ውጭ ሊሆን አይገባውም።

ይህ ሁለተኛው ነጥብ ለእኛ ገበሬ ግልጽ ነው። እህልና ዘር በአገራችን አንድ ነገር ናቸው። ከገበያ የተሸመተ በቆሎ ከፊሉ ይፈጫል፥ ከፊሉ ሊዘራ ይችላል። በመርከቡ ወረቀት ላይ «ለምግብ» ተብሎ ስለ ተጻፈ የበቆሎው ፍሬ መብቀሉን አይተውም። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2002 በደቡብ አፍሪካ ክፍለ አህጉር ረሀብ በገባ ጊዜ የዕርዳታው በቆሎ ልውጥ ስለ ነበረ ታላቅ ጭንቀት ሆነ። ዛምቢያ ፈጽማ አልቀበልም አለች፤ ሌሎች ጎረቤቶቿ እንዳይዘራ ተፈጭቶ ይምጣልን ብለው ተቀበሉ።

በየካቲት 1991 ዓ.ም. በኮሎምቢያ ካርታጌና ከተማ የተደረገው ስብሰባ ውሉን ይፈጽማል ተብሎ ተጠብቆ ነበር፤ ነገር ግን የማያሚ ቡድን ስላልተስማማ ሳይፈጸም ተበተነ። የስብሰባው መሪ የኮሎምቢያው ሚኒስትር ሁዋን ማይር ተስፋ ሳይቆርጡ ወገኖቹን እንደገና አገናኙ። በመጨረሻም በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ ሌሊቱን በሙሉ ከተከራከሩ በኋላ ጥር 20 ቀን 1992 ዓ.ም. ስምምነቱ ጸደቀ። ቀድሞ ከተበተነበት ከተማ ስም የካርታጌና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ተባለ። በሥራ ላይ የዋለው ጳጉሜን 6 ቀን 1995 ዓ.ም. ማለት በዘመን መለወጫችን ዋዜማ ነው። ዛሬ ከ170 በላይ አባሎች አሉት፤ አሜሪካ፥ ካናዳና አርጀንቲና ግን አባል አልሆኑም።

ዶክተር ተወልደ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት፥ በ2006 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም የምድር አርበኞች ሽልማትን ተቀብለዋል። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

4. ሕጉ ምን ያዝዛል?

የፕሮቶኮሉን ዋና ዋና ነጥቦች ተማሪ በቀላሉ እንዲይዛቸው ከዚህ በታች በተራ እናቀርባለን።

አንደኛ፥ በቅድሚያ በማወቅ ላይ የተመሠረተ ስምምነት። በምድር ላይ እንዲለቀቅ ወይም እንዲዘራ የታሰበ ልውጠ ሕያው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንድ አገር ከመሻገሩ በፊት፥ ላኪው ስለ ነገሩ ዝርዝር ጽፎ ማስታወቅ አለበት። ተቀባዩ አገር ማስታወቂያው መድረሱን በ90 ቀን ውስጥ ያሳውቃል፤ ውሳኔውንም በ270 ቀን ውስጥ ይሰጣል። ተቀባዩ ዝም ቢል ግን ዝምታው እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። «ዝምታ ወርቅ ነው» ይባላል፤ በዚህ ሕግ ግን ዝምታ እሺታ አይደለም።

ሁለተኛ፥ የስጋት ግምገማ። ውሳኔው በስሜት ሳይሆን በሳይንስ መንገድ መሰጠት አለበት። ገምጋሚው በቅድሚያ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት ይለያል፤ ቀጥሎ የመድረሱን ዕድል ይመዝናል፤ ከዚያም ቢደርስ ምን ያህል ከባድ እንደሚሆን ይገምታል፤ በመጨረሻም ስጋቱን ለመቀነስ የሚቻልበትን ዘዴ ይፈልጋል። ከላይ በኑግና በመጭ ላይ ያደረግነው አሳብ የዚህ ግምገማ ትንሽ ምሳሌ ነው።

ሦስተኛ፥ የጥንቃቄ መርሕ። ስለ ጉዳቱ መጠን በቂ የሳይንስ ማስረጃ ባለመገኘቱ ብቻ አገሩ ራሱን የሚጠብቅበትን ውሳኔ ከመስጠት አይከለከልም። ይኸውም ጭጋግ በወረደበት ሐይቅ ላይ ታንኳውን ቀስ አድርጎ የሚቀዝፍ ሰው እንደማይነቀፍ ማለት ነው።

አራተኛ፥ ለምግብ፥ ለመኖና ለፋብሪካ የሚጫን እህል። ሁለቱ ወገኖች እዚህ ላይ ተቻችለዋል። እህሉ ከሕጉ ውስጥ ገባ፤ ሥርዓቱ ግን ከዘር ይልቅ ቀለለ። አገሮች ውሳኔያቸውን በጋራ የመረጃ ማእከል ያስታውቃሉ፤ የጭነቱም ወረቀት ልውጠ ሕያው ሊኖርበት እንደሚችልና ለዘር እንዳልታሰበ መግለጽ አለበት።

አምስተኛ፥ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጉዳይ። አንድ አገር ሲወስን፥ ነገሩ በብዝኀ ሕይወቱ ላይ በሚያመጣው ለውጥ ምክንያት የሕዝቡ ኑሮ እንዴት እንደሚነካ ሊያስብ ይችላል። ሕዝቡም እንዲያውቅና እንዲጠየቅ ፕሮቶኮሉ ያዝዛል።

ከዚህ ሌላ፥ በሌላ ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚታዩ የሰው መድኃኒቶች በዚህ ሕግ ውስጥ አይገቡም። በቤተ ሙከራ ውስጥ ተዘግቶ ለሚያዝ ፍጡርም ከላይ በአንደኛ የተገለጸው ሥርዓት አይሠራበትም። ጉዳት ቢደርስ ማን ይጠየቃል የሚለው ጥያቄም በ1992ቱ ውል ሳይፈታ ቀርቶ ነበር፤ ናጎያ ኩዋላ ሉምፑር የሚባለው ተጨማሪ ፕሮቶኮል በ2003 ዓ.ም. ተስማምተውበት በ2010 ዓ.ም. በሥራ ላይ ውሏል።

5. ሕጉ በአገራችን

ኢትዮጵያ የካርታጌናን ፕሮቶኮል በአዋጅ ቁጥር 362/1995 አጸደቀች። ቀጥሎም የራሷን የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 አወጣች። አዋጁ ያለ ፈቃድ ልውጠ ሕያው ማስገባትንና መልቀቅን የሚከለክል፥ በጠባቂነቱ እጅግ ጠንካራ ሆኖ የታወቀ ሕግ ነበር።

ሕጉ ሲጠነክር ሁለት ዓይነት አስተያየት ተነሣ። አንዳንዶቹ እንዲህ ባለው አገር ጥብቅ ሕግ መኖሩ ተገቢ ነው አሉ። ብዙ የግብርና ተመራማሪዎች ደግሞ ሕጉ ከመጥበቁ የተነሣ ምርምር ራሱ ተዘጋ፤ ሳንመራመር ደግሞ ጥቅሙንም ሆነ ጉዳቱን እንዴት እናውቃለን? ሲሉ ተከራከሩ። ሁለቱም አስተያየት ፍሬ ነገር አለው፤ የማይመረምር አገር የሌላውን ምስክርነት ብቻ ይዞ ለመፍረድ ይገደዳልና። በዚህ ምክንያት አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ተሻሽሎ ለምርምር መንገድ ተከፈተ።

ከማሻሻያው በኋላ በተከለለ ሥፍራ ሙከራ ተደርጎ፥ በ2010 ዓ.ም. ከሕንድ የመጡ ሁለት የቢቲ ጥጥ ዲቃላ ዓይነቶች እንዲዘሩ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት በተከለለ ሥፍራ ብቻ ልውጥ በቆሎ እንዲሞከርም ፈቃድ ተሰጠ። ጥጡ የተፈቀደበት ምክንያት ይታወቃል፤ ጓይ ትል የጥጥ ገበሬ ጠላት ነው፥ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችም ጥጥ ይሻሉ።

ይህ ነገር ለባሕር ዳር ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1953 ዓ.ም. ነው፤ ከሐይቁ በስተምዕራብ ያሉት የመተማና የቋራ ቆላዎችም ጥጥ አብቃዮች ናቸው። ስለዚህ ጥሩው ሚዛን ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ የቡርኪና ፋሶን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ያ የምዕራብ አፍሪካ አገር ቢቲ ጥጥን እ.ኤ.አ. በ2008 በሰፊው መዝራት ጀመረ። ትሉ ቀነሰ፥ የሚረጨውም መድኃኒት ቀነሰ። ነገር ግን የጥጡ ጭረት ከቀድሞው አጠር ብሎ ስለ ተገኘ በዓለም ገበያ ዋጋው ወደቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 አገሩ ወደ ቀድሞ ዘሩ ተመለሰ። ማንም ሰው አልታመመም፥ ምድሪቱም አልተበላሸችም፤ ጉዳቱ የደረሰው ከጭረቱ ርዝመት ነው። እንግዲህ ግምገማ ሲባል «ይመርዛል ወይስ አይመርዝም?» በሚል ጥያቄ ብቻ የሚያበቃ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን። ዲቃላ ዘር በየዓመቱ የሚገዛ በመሆኑ የዘሩ ዋጋና የገበሬው ኪስም ከሚዛኑ ላይ መውጣት አለባቸው።

6. ሕይወትን በንድፍ ስለ መሥራት

ዕውቀት አንድ ሥፍራ አይቆምም። ከላይ የተገለጸው ጥበብ አንድ ወይም ሁለት ዘረመል ከፍጡር ወደ ፍጡር ማዛወር ነበር። ሲንተቲክ ባዮሎጂ የሚባለው አዲሱ ጥበብ ግን የዘረመሉን ጽሑፍ ከመጀመሪያው በመሣሪያ መጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ክሬግ ቬንተርና ጓደኞቹ አንድ ሚሊዮን ያህል ፊደላት ያሉትን የባክቴሪያ ዲኤንኤ በኬሚካል ሠርተው በሌላ ባክቴሪያ ሕዋስ ውስጥ አስገቡት፤ ሕዋሱም በአዲሱ ጽሑፍ እየታዘዘ ተራባ።

ጂን ድራይቭ የሚባለውም ዘዴ ከዚህ ጋር ይታያል። በተፈጥሮ ሥርዓት ልጅ ከእናትና ከአባት እኩል ስለሚወርስ፥ አንድ ወላጅ ብቻ ያለው ዘረመል ወደ ልጅ የሚተላለፈው በእኩሌታ ዕድል ነው። በዚህ ዘዴ ግን ዘረመሉ ወደ ልጆች ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ይተላለፋል፤ ስለዚህ በጥቂት ትውልድ ውስጥ መላውን ወገን ሊያዳርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ በተደረገ ሙከራ በጎጆ ውስጥ የነበሩ የወባ ትንኞች ከ7 እስከ 11 በሚደርስ ትውልድ ውስጥ ዘራቸው ጠፋ።

የጣና ዳር ነዋሪ ወባን ያውቃታል፤ ስለዚህ ይህን ወሬ በደስታ ቢሰማ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ትንኝ ፓስፖርት አትይዝም። አንድ አገር የለቀቃትን ትንኝ ጎረቤቱም ተቀበለ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት የብዝኀ ሕይወት ስምምነት አባሎች በኅዳር 2011 ዓ.ም. በግብጽ ሻርም ኤል ሼክ ተሰብስበው፥ እንዲህ ያለውን ፍጡር መልቀቅ የሚታሰበው የስጋት ግምገማ ከተደረገ፥ መከላከያው ከተዘጋጀ፥ እንደ ሁኔታውም ነገሩ የሚነካቸው ያገሬው ሰዎች አስቀድመው አውቀው ፈቃዳቸውን ከሰጡ በኋላ ብቻ መሆን እንዳለበት ተስማሙ። የቆየው አሳብ በአዲስ ጥበብ ላይ እንደገና ተጻፈ፤ ከሁሉ በፊት መጠየቅ።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው ሕጉ አገርን የመጠየቅ መብት ሰጥቷታል። ነገር ግን መብት ብቻውን አይጠይቅም፤ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገዋል። 270 ቀን ቢሰጥ፥ በ270 ቀን ውስጥ የላኪውን ወረቀት አንብቦ የጎደለውን የሚያሳይ የዘረመል ሊቅ ከሌለ ቀኑ በከንቱ ያልፋል። መጭ የኑግ ዘመድ መሆኑን የሚያውቅ የዕፀዋት ተመራማሪ፥ ንቧ ስንት ርቀት እንደምትበር የለካ ሰው፥ የጥጥ ጭረት የሚመረምር የፋብሪካ ባለሙያ፥ ሕጉን አብራርቶ ለገበሬው የሚያስረዳ የሕግ ሰው፤ እነዚህ ሁሉ ከሌሉ ሕጉ በወረቀት ላይ ይቀራል። በሌላ ወገንም ዕውቀት የሌለው ጠባቂ የሚጠቅመውንም እንግዳ ከበር ይመልሳል፤ ድንችና በርበሬ ከበር ተመልሰው ቢሆን ኖሮ ማዕዳችን ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ ነው።

እነዚህ ባለሙያዎች የሚወጡት ዛሬ በየክፍላችን ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል ነው። ዶክተር ተወልደም በሞንትሪያል አዳራሽ አገራቸውን ብቻ ሳይሆን ብዙውን ዓለም ወክለው ለመናገር ያበቃቸው በወጣትነታቸው የዕፀዋትን ስም አንድ በአንድ ማጥናታቸው ነው። በክፍል ውስጥ ስለ አበባ ብናኝ የሚሰጠው ትምህርት ለፈተና ብቻ የሚጠና የሚመስለው ተማሪ ካለ፥ ይህን ያስታውስ።

የመመርመሪያ ጥያቄዎች

1. በሸቀጥና በሕያው ነገር መካከል ያለውን ልዩነት ከአካባቢህ ምሳሌ ሰጥተህ አስረዳ።
2. አንድ ዓይነት የዘረመል ለውጥ በጤፍና በኑግ ላይ ቢደረግ ስጋቱ የሚለያየው ለምንድን ነው?
3. የጥንቃቄ መርሕ ምን ማለት ነው? ያለ ምርምር ብቻውን ቢያዝ ምን ጉዳት ያመጣል?
4. ከቡርኪና ፋሶ የጥጥ ታሪክ የመተማ ገበሬና የባሕር ዳር ፋብሪካ ሠራተኛ ምን ሊማሩ ይችላሉ?
5. የወባ ትንኝን በጂን ድራይቭ ለማጥፋት በጣና ዳር ፈቃድ ቢጠየቅ፥ ከመወሰንህ በፊት የምትጠይቃቸውን አምስት ጥያቄዎች ጻፍ።